ጠጉርና ዝና፤ የዝነኞች የጠጉር አሠራር ወደ ሕዝብ ስለሚወርድበት መንገድ

ጠጉር ሲቈረጥ የማያም፥ ተቈርጦም ተመልሶ የሚበቅል ስለ ሆነ፥ የሰው ልጅ ስለ ራሱ ሊናገር የፈለገውን ነገር ከጥንት ጀምሮ በጠጉሩ ሲያሳይ ኖሯል። በአገራችንም ጋሜና ቁንጮ የልጅነት፥ ሳዱላ የልጃገረድነት፥ ጎፈሬ የጀግንነት ምልክት ነበሩ። ኀዘን የደረሰበትም ሰው ጠጉሩን ይላጭ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ እንግዳ ወደ መንደር ቢገባ፥ የሰዎቹን ራስ ብቻ አይቶ ማን ልጅ፥ ማን ልጃገረድ፥ ማን ባለ ኀዘን እንደ ሆነ ለመለየት ብዙ አይቸገርም ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዲት ተማሪ ወደ ጠጉር ቤት ስትገባ ስልክዋን አውጥታ የአንዲት ዘፋኝ ወይም የፊልም ተዋናይት ፎቶግራፍ ታሳይና «እንደዚህ አድርጊልኝ» ትላለች። ወንዱም ተማሪ የአንድ ኳስ ተጫዋች ፎቶግራፍ ይዞ እንዲሁ ያደርጋል። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ዘመድ አይደለም፤ ጎረቤትም አይደለም። ታዲያ ፈጽሞ የማናውቀው ሰው በራሳችን ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኘው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው «ዝነኛው አደረገው፤ ሕዝቡም ተከተለው» ብሎ ነገሩን በአጭሩ ይዘጋዋል። እኛ ግን ይህ መልስ የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል እንላለን። የዝነኛ ሰው ጠጉር አሠራር ወደ ሕዝብ የሚወርደው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። እነዚህም የጊዜው ኑሮ የሚጠይቀው ነገር፥ መልኩን ከአገር አገር የሚያደርስ መሣሪያ፥ በመጨረሻም ሥራውን የሚሠራው የጠጉር ሠሪ እጅ ናቸው። ከሦስቱ በኋላ የሚመጣና ብዙ ጊዜ የሚረሳ አራተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ዋጋው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

1ኛ. የአጭር ጠጉር ታሪክ

በአውሮፓና በአሜሪካ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ድረስ ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ጠጉርዋን አስረዝማ ጠቅልላ መያዝዋ የጨዋነትዋ ምስክር ተደርጎ ይቈጠር ነበር። አይሪን ካስል የምትባል ዝነኛ አሜሪካዊት ዳንሰኛ ግን በ1914 ገደማ ለትርፍ አንጀት ሕክምና ሆስፒታል ልትገባ ስትል፥ ረጅም ጠጉር ለሕመምተኛ አይመችም ብላ ቈረጠችው። ድና በአደባባይ ስትታይ አጭሩ ጠጉር በስምዋ ተጠራ፤ ብዙ ሴቶችም ተከተሉት። ዳንሰኛዋ ጠጉርዋን የቈረጠችው ለምቾት ብላ ነበር፤ ሞድ ያደረገው ሕዝቡ ነው።

ይሁን እንጂ አንዲት ዳንሰኛ ስለ ቈረጠች ብቻ የሚሊዮን ሴቶች ራስ አይለወጥም። በጦርነቱ ጊዜ ወንዶች ወደ ጦር ሜዳ ሲሄዱ፥ ሴቶች በፋብሪካ፥ በሆስፒታልና በቢሮ ሥራቸውን ተረክበው ነበር። በማለዳ ተነሥታ ወደ ሥራ የምትሮጥ ሴት ረጅም ጠጉር የምታበጥርበትና የምትጠቀልልበት ጊዜ ከወዴት ታገኛለች? ስለዚህ አጭር ጠጉር የሚፈልግ ኑሮ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጎደለው ሌሎችን የሚያደፋፍር ምሳሌ ብቻ ነው።

ምሳሌውን በየከተማው ያደረሰው ሲኒማ ነበር። በ1923 ኮሊን ሙር፥ በ1929 ደግሞ «የፓንዶራ ሣጥን» በተባለው የጀርመን ፊልም ላይ ሉዊዝ ብሩክስ ግንባርን ሸፍኖ በጆሮ አጠገብ የተቈረጠ ጠጉራቸውን ይዘው ታዩ። እነዚህ ፊልሞች ድምፅ አልባ ስለ ነበሩ የተዋናይት ፊትና ጠጉር የንግግርን ሥራ ጭምር ይሠሩ ነበር። የተመልካቹም ዐይን ከዚያ በፊት የማንንም እንግዳ ሴት ራስ እንደዚያ አቅርቦና አግዝፎ አይቶ አያውቅም።

ነገሩ ያለ ፍርሃት አልሆነም። አሜሪካዊው ደራሲ ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1920 ባወጣው አንድ አጭር ልብ ወለድ፥ በርኒስ የተባለች ልጃገረድ በጓደኞችዋ ዘንድ ለመወደድ ስትል ጠጉሬን እቈረጣለሁ እያለች ትቀልዳለች። ኋላ ግን ቃልዋን እንድትፈጽም ተገፋፍታ ወደ ወንዶች ጠጉር ቤት ትገባለች። በተቈረጠች ጊዜ ግን ያደንቋት የነበሩት ጎረምሶች ፊታቸውን አዞሩባት። ደራሲው ይህን ታሪክ ሲጽፍ የዘመኑን ልጃገረዶች እውነተኛ ጭንቀት ይዞ ነበር፤ መቅደምም መዘግየትም የሚያስወቅስ ነበርና።

በርኒስ ወደ ወንዶች ጠጉር ቤት መግባትዋም ያለ ምክንያት አይደለም። የሴቶች ጠጉር ሠሪዎች ሙያ ረጅሙን ጠጉር ማበጠር፥ መተኰስና መጠቅለል ስለ ነበር፥ በመቀስ ቅርጽ ማውጣትን የሚያውቁት የወንዶቹ ጠጉር ቈራጮች ነበሩ። ሴቶቹ ወደዚያ በጎረፉ ጊዜ የሴቶች ጠጉር ሠሪዎች መቀሱን በፍጥነት ተማሩ። ትርፉም ታያቸው፤ አጭር ጠጉር ቅርጹን እንዲጠብቅ በየጥቂት ሳምንቱ መስተካከል አለበትና። ዛሬ የውበት ሳሎን የምንለው ቤት በየመንገዱ የተስፋፋው በዚያ ዘመን ነው።

2ኛ. መንግሥትም ያወቀው ኃይል

የዝነኛ ሰው ጠጉር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለመረዳት የቬሮኒካ ሌክን ነገር ማየት ይበቃል። ይህች የሆሊውድ ተዋናይት ከ1941 ጀምሮ ረጅም ጠጉርዋን በአንድ ወገን ለቅቃ አንዱን ዐይንዋን ትሸፍን ነበር። ብዙ ሴቶችም እንደ እርስዋ አደረጉ። ጊዜው ግን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበር፤ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች የተለቀቀ ጠጉር በመኪናዎቹ እየተያዘ አደጋ ያመጣ ጀመር። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ተዋናይትዋን ጠጉርዋን እንድትሰበስብ ጠየቃት፤ በ1943ም ጠጉርዋን ወደ ላይ ሰብስባ ስትሠራ በፊልም ተቀርጾ ለሕዝብ ታየ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መንግሥቱ ለሠራተኞቹ ማስጠንቀቂያ ጽፎ በግድግዳ ላይ መለጠፉ እንደማይበቃ ዐውቆ ነበር። አንድን መልክ ወደ ሕዝብ ያስገባው ሰው ራሱ ካልመለሰው፥ ትእዛዝ ብቻውን አይመልሰውም።

3ኛ. ከፎቶግራፉ በስተጀርባ ያለው እጅ

ፎቶግራፍ ውጤቱን ያሳያል እንጂ ድካሙን አያሳይም። ካርል ኔስለር የተባለው ጀርመናዊ ጠጉር ሠሪ በ1906 ለንደን ላይ በኤሌክትሪክ በጋሉ ዘንጎች ጠጉርን ለወራት የሚቈይ ጥቅል ማድረግን ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ ቀደም ሙከራውን የሠራው በሚስቱ ራስ ላይ ሲሆን፥ ጠጉርዋና የራስ ቆዳዋ ተቃጥሎ ነበር። ሳሎን ገብተው በካስክ ሥር ቢጎዲን ተጠቅልለው የሚቀመጡ ሴቶች የሚያገኙት ምቾት በዚህ ዓይነት ሕመም ላይ የተመሠረተ ነው።

ለእኛ ዘመን የሚቀርበውን ምሳሌ እንውሰድ። «ፍሬንድስ» የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በ1994 ከተጀመረ በኋላ፥ ጄኒፈር አኒስተን በምትጫወታት በራቸል ስም የተጠራ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተቈረጠ ጠጉር በብዙ አገር ሳሎኖች ተፈላጊ ሆነ። ቈራጩ ክሪስ ማክሚላን ይባላል። ከዓመታት በኋላ ግን ተዋናይትዋ ራስዋ ያንን አቈራረጥ እንደማትወደውና ያለ ጠጉር ሠሪዋ በራስዋ እጅ ልታበጀው እንደማትችል ተናግራለች። እንግዲህ ባለቤትዋ ያልቻለችውን ነገር ሌላዋ ሴት በማለዳ ከመስተዋት ፊት ቆማ እንዴት ትችለዋለች? ዝነኛዋ በየቀኑ የሚያበጥርላት ባለሙያ፥ መብራት የሚያስተካክልላትም ሌላ ሰው አላት። ብዙ ጊዜም የምናደንቀው ጠጉር ከራስዋ የበቀለ አይደለም፤ ዊግ ነው።

ከመልኩ ጋር ዕቃ መሸጡም አዲስ ነገር አይደለም። በፓሪስ ትኖር የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት ዳንሰኛ ጆሴፊን ቤከር ጠጉርዋን አጭር አድርጋ በቅባት አስተኝታ ትታይ ስለ ነበር፥ «ቤከርፊክስ» የተባለ የጠጉር ቅባት በስምዋ ተሽጧል። ትሬሲ ኤሊስ ሮስ በ2019፥ ቢዮንሴና ሪሃና በ2024 የየራሳቸውን የጠጉር ዕቃ ለገበያ ማውጣታቸው የዚያው መንገድ ተከታይ ነው። ልዩነቱ ቤከር ስምዋን አዋሰች፤ የዛሬዎቹ ግን ድርጅቱንም ራሳቸው መሥርተዋል።

4ኛ. ጎፈሬና አፍሮ

ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚመለከተው የአፍሮ ነገር ነው። በአሜሪካ ጥቁር ሴት ያልተተኰሰ ጠጉርዋን ይዛ በአደባባይ መታየት እንደ ነውር በሚቈጠርበት ጊዜ፥ ከደቡብ አፍሪካ የሄደችው ዘፋኝ ሚርያም ማኬባ ጠጉርዋን እንደ ተፈጥሮው ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። ተዋናይት ሲሲሊ ታይሰንም በ1963 በቴሌቪዥን እንዲሁ ታየች። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ማኬባ አዲስ አበባ መጥታ ዘፍናለች።

የአፍሮ ምልክት ሆና የቀረችው ግን የፍልስፍና አስተማሪዋ አንጀላ ዴቪስ ናት። በ1970 የአሜሪካ ፖሊስ በጥብቅ የምትፈለግ ብሎ ፎቶግራፍዋን በየቦታው በለጠፈ ጊዜ መልክዋ በዓለም ታወቀ። እርስዋን ይመስላሉ ተብለው ብዙ አፍሮ ያላቸው ጥቁር ሴቶች እየተያዙ ተንገላተዋል። በኋላም በ1994 በጻፈችው ጽሑፍ፥ ለነፃነት የተደረገው ትግል ተረስቶ እርስዋ በጠጉር አሠራር ብቻ መታወስዋ እንደሚያሳዝናት ገልጻለች። ዝና ሲወርድ ቅርጹ ይወርዳል፤ አሳቡ ግን ብዙ ጊዜ በመንገድ ይቀራል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጎፈሬ ከጥንት የነበረ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1936 እስከ 1941፥ በዱር የነበሩት አርበኞቻችን ጠጉራቸውን አሳድገው ጎፈሬ አድርገው ነበር፤ ሚዶውም የአገር ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የከተማው ወጣት ያንኑ የአያቱን ጠጉር «አፍሮ» በሚል ስም ከሸክላ ሽፋንና ከውጭ መጽሔት እንደ አዲስ ተቀበለው። በደጃችን የነበረው ነገር ባሕር ተሻግሮ፥ የዝነኛ ስም ይዞ ሲመለስ ሥልጣኔ ሆነ።

በ1968 (በእኛ 1960 ዓ.ም.) ደግሞ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የሞድ ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ፥ ተማሪዎች የምዕራባውያንን ልማድ መስበክ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ተቃውሞውም ወደ ጠብ ደረሰ። የተነሡበት ጥያቄ ቀላል እንዳልነበረ እናምናለን፤ ሕዝብ በሚራብበት አገር ማን ለማን ሞድ ያሳያል የሚል ጥያቄ ነበርና። ነገር ግን እኅቶቻችን እንዲህ ልበሱ፥ እንዲህ ተሠሩ ሲባሉ፥ ሆሊውድ አዘዘም የትምህርት ቤት ጓደኛ አዘዘ ያው ትእዛዝ ነው። ከውጭ የመጣውን በጭፍን መቅዳትና የሌላውን ሰው ራስ በቊጣ መቈጣጠር ሁለቱም የባለቤቱን አሳብ አይጠይቁም።

5ኛ. ዋጋው

የምንቀዳው መልክ ከጠጉራችን ተፈጥሮ በራቀ መጠን ዋጋው ይከብዳል። የጠጉር መጠቅለል ወይም መለስለስ የሚመጣው ከሥሩ አቀማመጥና ቅርጽ ነው። ሪላክሰር የተባለው ማለስለሻ የጠጉርን ውስጣዊ ማያያዣ በጠንካራ ኬሚካል ይበጥሳል፤ በአንዳንዱም ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተዘጋ የቧንቧ መስመር ለመክፈት የሚያገለግለው ዓይነት ነው። ጥቂት ቢዘገይ የራስ ቆዳን ያቃጥላል። ጠጉር ደግሞ በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እያደገ፥ አዲሱ ሥር እንደ ተፈጥሮው ይበቅላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የጀመረች ሴት ወደ ሳሎኑ እየተመላለሰች መክፈልዋ አይቀርም።

በ2022 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 74 የሆኑ 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ያህል ተከታትሎ፥ 378 የማሕፀን ካንሰር ታማሚዎች አገኘ። በዓመት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ ማለስለሻ የተጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በመቶ 4.05 ሲገመት፥ ያልተጠቀሙት ግን 1.64 ነው። ይህ ግንኙነትን ያሳያል እንጂ ኬሚካሉ ብቻውን በሽታውን አመጣ ብሎ አይፈርድም፤ በሽታውም ብዙ የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ሳሎን ለሚሄድ ሰው ሊታወቅ የሚገባ ነገር ነው።

መደምደሚያ

ሞድን እንተው፥ ሁላችንም ወደ ሹሩባ እንመለስ ማለታችን አይደለም። አይሪን ካስል ባትደፍር ኖሮ ብዙ ሠራተኛ ሴቶች በጠጉር ክብደት ይቸገሩ ነበር፤ ማኬባም ባትደፍር ኖሮ ብዙ ጥቁር ሴቶች በተፈጥሮ ጠጉራቸው እንዳፈሩ በቀሩ። ዝነኛ ሰው ሌሎች በልባቸው ይዘው ያልደፈሩትን ነገር በአደባባይ አድርጎ ሲያሳይ ጠቃሚ አገልግሎት ይሰጣል። ጉዳቱ የሚጀምረው እርሱ ለራሱ ኑሮ ያደረገውን እኛ ለማይስማማው ኑሮአችንና ጠጉራችን በግድ ስናደርገው ነው።

ስለዚህ አንባብያን በየመኝታ ክፍላቸውና በሻይ ሰዓታቸው እንዲወያዩባቸው ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። ይህ የጠጉር አሠራር የእኔን ኑሮ የሚያቀልል ነው ወይስ የሚያከብድ? በፎቶግራፉ ላይ የማይታየው እጅ፥ ጊዜና ገንዘብ ምን ያህል ነው? ፎቶግራፉን ማንም ባያሳየኝ ኖሮስ ራሴን በመስተዋት አይቼ ምን እመርጥ ነበር? እነዚህን ጠይቆ የዝነኛዋን ጠጉር የመረጠ ሰው መርጧል ይባላል፤ ጠይቆ ሹሩባውን የመረጠም እንዲሁ። ሳይጠይቅ የሄደ ግን ራሱን ያሠራው ለሌላ ሰው ነው።