«ሐላል» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ኢ250ን እናንብብ



አንዲት እናት ከዱባይ የተላከላትን የቆርቆሮ ሞርታዴላ ይዛ ወደምሠራበት ፋርማሲ መጣች። ለልጇ ምሳ በየቀኑ የምትቋጥርለት ነው። «ሐላል ይላል፤ ታዲያ ይህ ኢ250 የሚለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ መልሱን ለእናንተም ላካፍል።

ኢ250 ሶዲየም ናይትራይት የተባለ ጨው ነው። ኢ249 ደግሞ ፖታሲየም ናይትራይት ነው። በሶሴጅ፣ በሞርታዴላና በመሳሰሉት የሚጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ይገታል፤ የሥጋውንም ቀይ መልክ ያቆያል።

ጉዳቱስ? ናይትራይት በሥጋው ውስጥ ካሉ አሚን ከተባሉ ንጥረ ነገሮች ጋር በጨጓራ አሲድ ወይም በመጥበሻ ኃይለኛ ሙቀት ሲገናኝ ናይትሮሳሚን የተባሉ ውህዶችን ሊፈጥር ይችላል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 እ.ኤ.አ. የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ከሆኑ ነገሮች መድቦታል። በየቀኑ 50 ግራም መመገብ የትልቁን አንጀት ካንሰር ዕድል በ18 በመቶ እንደሚጨምርም ገልጿል። ይህ ማለት ግን አንድ ቀን የቀመሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ጉዳዩ የመጠንና የልማድ ነው።

እስቲ መጠኑን እናስላ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2017 እ.ኤ.አ. ያጸናው የቀን ጣሪያ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.07 ሚሊግራም ናይትራይት ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 1.4 ሚሊግራም ይሆናል። በኪሎ 50 ሚሊግራም ናይትራይት ያለው ሞርታዴላ ነው ብንል፣ 50 ግራሙ 2.5 ሚሊግራም ይዟል። ልጁ ጣሪያውን አለፈ! 60 ኪሎ የሚመዝነው አባቱ ግን ጣሪያው 4.2 ስለሆነ አላለፈም። በየቀኑ ሲሆን የሚጎዳው እንግዲህ በመጀመሪያ ትንሹ ነው።

ሐራም ነው ማለቴ አይደለም፤ ያ ፍርድ የዑለሞች ነው። ነገር ግን አላህ በሱረቱል በቀራህ 168ኛው አንቀጽ ሐላልን ከ«ጦይብ» ጋር አጣምሮ እንድንመገብ አዞናል። የሐላል ማህተም ልጃችን በቀን ስንት ቁራጭ ቢበላ እንደሚበቃው አይነግረንም።

ስለዚህ፦
- ከመግዛታችሁ በፊት ኢ249 እና ኢ250 መኖሩን አንብቡ።
- የየቀን ምሳ አታድርጉት፤ እንቁላል፣ ምስር ወይም ቤት የተቀቀለ ትኩስ ሥጋ ቋጥሩ።
- ስትጠብሱ አታሳርሩት።
- አልፎ አልፎ ሲበላ ቲማቲም ወይም ብርቱካን ይጨመርበት፤ ቫይታሚን ሲ የናይትሮሳሚንን መፈጠር ይቀንሳል።

ልጆቻችን አማና ናቸው። አላህ ጤናና ዓፊያ ይስጠን።