በአዲሎ በኩል የሚያልፈው አውራ ጎዳና

ከአዲስ አበባ ወላይታ ሶዶ በየት በኩል ይኬዳል? ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ሆሳዕና ዘመድ ያላቸው «በሆሳዕና» ይላሉ፤ የአዲሎና የሾኔ ልጆች ደግሞ «በሻሸመኔ ነው እንጂ!» ብለው ይጮኻሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም በደጃችን ስለሚያልፈው ነው።

ሁለቱ መስመሮች

የምዕራቡ መስመር ከዓለምገና ተነስቶ ቡታጅራን፣ ሆሳዕናን፣ ዶዮገናንና አረካን አልፎ ሶዶ ይገባል። የምሥራቁ ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ በዝዋይ በኩል ሻሸመኔ ይደርሳል። እዚያ የሞያሌውን መንገድ ትቶ ወደ ምዕራብ ይዞርና አጄን፣ ሀላባ ቁሊቶን፣ የቢላቴን ወንዝ፣ አዲሎን፣ ሾኔንና ቦዲቲን እያለ ሶዶ ላይ ከመጀመሪያው ጋር ይገናኛል። ከሶዶ ወዲያ ወደ አርባ ምንጭ ይቀጥላል።

ከሻሸመኔ እስከ ሶዶ ያለው ወደ 130 ኪ.ሜ. ነው። በዚህች ርቀት ውስጥ መንገዱ የኦሮሞን፣ የሀላባን፣ የከምባታን፣ የሀዲያንና የወላይታን ምድር ይረግጣል። አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ከሰጠ፣ ረዳቱ በየፌርማታው የሚጣራበት ቋንቋ ሲለዋወጥ ይሰማል። በአስተዳደር ካየነው ደግሞ ደቡብ ክልል ነሐሴ 2015 ከፈረሰ ወዲህ መስመሩ ሦስት ክልል ያቋርጣል፦ ኦሮሚያን፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያንና ደቡብ ኢትዮጵያን።

ለምን በቆላው በኩል?

በሆሳዕና በኩል ሶዶ 330 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፤ በሻሸመኔ ግን ወደ 380 ይጠጋል። ታዲያ ከባድ መኪና ለምን ለረጅም ዘመን ረጅሙን መረጠ?

ከአዲሎ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ። ዱራሜ አጠገብ ያለው የሀምበሪቾ ተራራ ይታያችኋል፤ ዛሬ 777 ደረጃ ተሠርቶለት ጎብኚ የሚወጣው ማለት ነው። በዚያ በኩል መንገድ ለመዘርጋት ሸንተረሩን መቁረጥ፣ ሸለቆውን መሙላት፣ ኩርባ በኩርባ ላይ መደራረብ ያስፈልጋል። የእኛ ወገን የስምጥ ሸለቆ ወለል ነው። ሜዳ ስለሆነ የጫነ መኪና ማርሽ ሳይቀንስ ይሄድበታል።

ሜዳ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። የቢላቴ ተፋሰስ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ፣ ቀላልና በቶሎ የሚሸረሸር ነው። ከከምባታ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ሲደርስ ዘንድሮ የቀደደው ትንሽ ፈር ከጥቂት ክረምት በኋላ ላም የሚውጥ ገደል ይሆናል። መንገዱ ደግሞ ይህን ጎርፍ ከጎን ወደ ጎን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ውሃው በሥሩ የሚያልፍበት ቱቦ በየቦታው ይቀበራል፤ ዳርና ዳሩን ቦይ ይቆፈርለታል።

አስፋልት የሚበላሸው በሲኖትራክ ክብደት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በደረቅ መሠረት ላይ አስፋልቱ ብዙ ይሸከማል። ቦዩ በአፈርና በፌስታል ሲደፈን ግን ውሃው ይቆምና በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ያለውን ጠጠር ያርሰዋል። ጎማ በረገጠው ቁጥር የራሰው ደቃቅ አፈር በስንጥቁ ተጨምቆ ይወጣል፣ ከሥር ባዶ ይቀራል፣ ከዚያ አስፋልቱ ይሰምጣል። ጉድጓድ የምንለው ይኸው ነው። ጉድጓዱን እየደፈኑ ቦዩን አለመጥረግ፣ በእኔ እምነት፣ ገንዘብ መጣል ነው።

ግንቦት 1933፣ ቢላቴ ላይ

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ይህ መስመር የጦር መንገድ ነበር። (ፒስታ፣ ጎማ፣ ፍሬቻ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።) ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ቢገቡም ደቡብ ገና አልጸዳም ነበር። ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ የሚገፋው የእንግሊዝ ጦር፣ ብዙው የምሥራቅ አፍሪካ ወታደር ያለበት፣ ግንቦት 11 ቁሊቶ ላይ ከጣሊያኖች ጋር ገጠመ። ቢላቴ ሞልቶ ስለነበር ተሻግረው ማዶ የያዙት ወታደሮች ከባድ መሣሪያ ሊደርስላቸው አልቻለም። በዚህ መሃል የጣሊያን ታንኮች ከቁጥቋጦው ወጡባቸው። ከኬንያ የመጣው ሳጅን ናይጀል ሊኪ ሽጉጡን ብቻ ይዞ አንዱ ታንክ ላይ ዘለለና ክዳኑን ከፍቶ አዛዡን መታ፤ እርሱም በዚያው ውጊያ ሞተ። በ1938 የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ ተሰጠው። ሶዶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተያዘች። ያን ቀንም ውጊያውን ያከበደው የወንዙ ሙላት እንደነበር ልብ በሉ።

መንገዱ የማን ነው?

ከነፃነት በኋላ ጣሊያን የተዋቸው መንገዶች ያለ ጥገና ብዙ ተጎዱ። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ይባላል፤ ሽማግሌዎቻችን ግን አሁንም «አውራ ጎዳና» ነው የሚሉት።

መንግሥት ብቻውን አልሠራም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ነበር። የሆሳዕናው መስመር ከቡታጅራ እስከ ሶዶ ደረጃው ያደገው ደግሞ ብዙ ቆይቶ፣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር መላ አገሪቱ የነበራት መንገድ 26,550 ኪ.ሜ. ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ፤ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የምትቆረጥ ገንዘብ ለጥገና ትውላለች። ባጃጅ የተሳፈረ ሁሉ ከፋይ ነው።

ምን ይጓዝበታል?

አዲሎን ከአገር ያስተዋወቃት በግ ነው። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን በጎች በ14 ባህላዊ ዓይነቶች ሲከፍሉ ረጅም ላት ያለውን የኛን አካባቢ በግ «የአዲሎ በግ» ብለው መዝግበውታል። በዘር ምርመራ ከአርሲው ጋር ይመደባል፤ ስሙ ግን የእኛ ነው። የሀላባ በርበሬም በዚህ ያልፋል። የሀደሮ ዝንጅብልም ነበር፤ በ2004 በሽታ እስኪያጠፋው ድረስ።

የማልወደውን መንገደኛ ሳልጠቅስ አላልፍም። በሻሸመኔ ከሞያሌው መስመር ጋር የሚገናኘው ይህ አስፋልት፣ ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ወጣቶች መነሻም ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ወንድም ወይም አጎት እዚያ የሌለው ተማሪ ስንት ነው? ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን ካርታ ላይ ከእኔ በፊት ያሳዩኝ ልጆች ነበሩ።

ለሰኞ

ዝናብ ሲዘንብ ሳይሆን ካባራ በኋላ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ከከተማችን መውጫ እስከ ሦስተኛው ቱቦ ድረስ ሂዱ። የትኛው ውሃ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው እንደተደፈነና በምን እንደተደፈነ ጽፋችሁ አምጡ። ከአስፋልቱ ራቁ፤ አሽከርካሪዎቹ ሜዳው ላይ ፍጥነት አይቀንሱም።