የማውንት ጎክስ ዋጋ ከሌላው ገበያ ለምን ራቀ?

በዘንዘልማ በኩል ከወረታ ሩዝ የሚያመላልስ ነጋዴ 100 ኩንታል መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ ያዘ እንበል። ደረሰኙን ለሌላ ቢሸጠው፣ ገዢውም ለሦስተኛ ቢያስተላልፈው ሩዙ ከቦታው ሳይነቃነቅ ግብይቱ ይደራል። ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ግን ባለመጋዘኑ በተጠየቀ ጊዜ 100 ኩንታሉን ማስረከብ እስከቻለ ድረስ ነው። የአንዱ መጋዘን ደረሰኝ ባሕር ዳር ላይ ከሌላው በርካሽ መሸጥ ከጀመረ ደላላው “ምን ተሰምቶ ነው?” ማለቱ አይቀርም።

የክሪፕቶከረንሲ መገበያያም ከዚህ ብዙ አይለይም። ደንበኛው ገንዘቡን ወይም ቢትኮይኑን ለድርጅቱ ያስረክባል፤ በምትኩ በስልኩ ላይ ቁጥር ያያል። ቁጥሩ ደረሰኝ እንጂ ሸቀጡ አይደለም። ይህን ልዩነት ብዙዎች በውድ ዋጋ የተማሩት በጃፓን፣ ቶኪዮ ይሠራ ከነበረው ከማውንት ጎክስ ነው።

ማውንት ጎክስ የቢትኮይን ግብይት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። መሥራቹ ጄድ ማካሌብ በ2011 ለማርክ ካርፔሌስ ሸጠው። በዚያው ዓመት ዘራፊዎች ሥርዓቱን ሰብረው በመግባታቸው የ1 ቢትኮይን ዋጋ በዚያ ገበያ ለጥቂት ጊዜ ወደ 1 የአሜሪካ ሳንቲም አሽቆለቆለ። ሆኖም ደንበኛው ከመቀነስ ይልቅ ጎረፈ። በ2013 ከዓለም የቢትኮይን ግብይት 70 በመቶ ያህሉ በዚሁ ድርጅት በኩል ያልፍ ነበር። ገበያው ሲሰፋ ጥበቃውና የሒሳብ አያያዙ አብረው አልሰፉም።

ዋናው ምልክት የታየው በ2013 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከድርጅቱ ገንዘብ ላይ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያዘ፤ ዶላር ማውጣትም ለሳምንታት ይጓተት ጀመር። ዶላሩ የታሰረበት ሰው ምን ያደርጋል? ባለው ዶላር ቢትኮይን ገዝቶ ቢትኮይኑን ያወጣል። ሁሉም እንዲህ ሲያደርግ የማውንት ጎክስ ዋጋ ከሌሎቹ ገበያዎች በላይ ወጣ። ይህን ያየ ነጋዴ ከሌላ ቦታ በርካሽ ገዝቶ እዚያ በውድ መሸጥ ቀላል ትርፍ ይመስለዋል። ትርፉ ግን የሚከፈለው በማይወጣ ዶላር ነበር!

እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2014 መጀመሪያ ቢትኮይን ማውጣትም ታገደ። ሁለቱም በሮች ሲዘጉ ዋጋው ተገልብጦ ከሌሎቹ ገበያዎች እጅግ በታች ወረደ። “ርካሽ ነው” ብሎ የገዛ ሰው የገዛው ቢትኮይን ሳይሆን የመጠየቅ መብት ነበር። በወሩ መጨረሻ ድርጅቱ ኪሳራ አወጀ። 850,000 ቢትኮይን ጠፋ ተባለ፤ ከዚህም 750,000ው የደንበኞች ነበር። 200,000 ያህሉ ኋላ በአንድ አሮጌ የኤሌክትሮኒክ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ።

በእርግጥ የዋጋ ልዩነት ሁሉ የበሽታ ምልክት አይደለም። በአገራችን በብር ከሰው ወደ ሰው በሚሸጠው ዲጂታል ዶላርና በባንክ ምንዛሪ መካከል የሚታየው ክፍተት በአብዛኛው ከውጭ ምንዛሪ እጥረት ጋር የተያያዘ ነው። መለያው ማውጣት መቻሉ ላይ ነው፤ ጥቂት ገንዘብ አውጥቶ መሞከር ከማስታወቂያው ይልቅ ይናገራል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶከረንሲ መክፈል ሕገወጥ መሆኑን ስላስታወቀ፣ እዚህ ገንዘቡ የታሰረበት ነጋዴ አቤት የሚልበት ቦታ ጠባብ ነው።

የቶኪዮ ፍርድ ቤት በ2019 ካርፔሌስን ከምዝበራ ክስ ነፃ ሲያደርገው፣ የሒሳብ መዝገብ በማዛባት ግን ጥፋተኛ ብሎታል። ደንበኞች ከቀረው ቢትኮይን ድርሻቸውን በዓይነት መቀበል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2024 ነው።