ላማችን፣ እበቷና የምንተነፍሰው አየር



ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነገር በአብዛኞቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው የፋብሪካና የመኪና ጢስ ነው። በየማለዳው የምትታለበው የጓሯችን ላም በዚህ ጉዳይ ስሟ ይነሣል ብለን አንጠረጥርም። ይሁን እንጂ በዘነበወርቅና በሌሎች የኮልፌ ቀራንዮ ሰፈሮች ላም አርብተው፣ ወተት ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ስላሉ፣ ነገሩን በሚገባ ማወቅ ይጠቅመናል። ዓላማችን ላሟን መክሰስ ሳይሆን የአያያዛችንን ጉድለት መመርመር ነው።

1. ጋዙ ከየት ይመጣል?

ላም፣ በግና ፍየል የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። የበሉት ሣርና ገለባ በትልቁ የሆድ ክፍላቸው ውስጥ፣ በዓይን በማይታዩ ረቂቃን ሕዋሳት አማካይነት ይብላላል። በዚህ ጊዜ ሚቴን የተባለ ጋዝ ይፈጠራል፤ እንስሳቱም በግሳት ወደ አየር ይለቁታል። ሚቴን በአየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሙቀትን የማመቅ ኃይሉ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ይበልጣል።

ሁለተኛው ምንጭ እበት ነው። እርጥብ እበት አየር በማያገኝበት ጉድጓድ ሲከማች እርሱም ሚቴን ያወጣል። ተረፈ ምግብና ሌላም የሚበሰብስ ነገር በአንድነት ሲከመር የሚሆነው ይኸው ነው። ለዚህ ከእኛ ሰፈር የቀረበ ምስክር የለም፤ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ቆሼ ጎረቤታችን ነውና። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀጥፏል። ያ የኀዘን ቀን አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ዓይናችን እንዳያየው ዞር አድርገን የጣልነው ነገር ከእኛ አይርቅም። ወደ አየር የምንለቀውም እንዲሁ ነው።

2. መጠኑ ምን ያህል ነው?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በተለያዩ ጊዜያት ባወጣቸው ጥናቶች መሠረት፣ በሰው ልጅ ሥራ ምክንያት ወደ አየር ከሚወጡት ሙቀት አማቂ ጋዞች ከ12 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ከእንስሳት እርባታ የሚመነጭ ነው። አገራችን ደግሞ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት ያላት፣ በከብት ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የኢትዮጵያን ዓመታዊ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲገምት፣ ከዚህ ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የከብቶች ድርሻ ነው ብሏል።

በእርግጥ አንድ ኢትዮጵያዊ በነፍስ ወከፍ የሚለቀው ጋዝ ከበለጸጉት አገሮች ነዋሪ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። መከራው ግን እኛንም አልማረም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና ዝናብ ለ5 ተከታታይ ወቅቶች በመጥፋቱ አርብቶ አደሩ ከብቶቹ እያየ አለቁበት። የከብት ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ሰማዩን ለሚጠብቀው ለዚሁ ድኻ ነው።

3. ጥፋቱ የላሟ ነው ወይስ የአያያዝ?

ሁለት ቤቶችን በምሳሌ እናስብ። በአንደኛው 5 የከሱ ላሞች ገለባ ብቻ እየበሉ እያንዳንዳቸው በቀን 2 ሊትር ይሰጣሉ። በሁለተኛው አንዲት ላም ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እየተመጠነላት 10 ሊትር ትሰጣለች። የሁለቱም ቤት ወተት እኩል ነው። በመጀመሪያው ቤት ግን መኖው በአብዛኛው የሚያልቀው 5ቱን ላሞች በሕይወት ለማቆየት ነው። ሁለተኛዋ ላም ከ5ቱ ከእያንዳንዳቸው የበለጠ ጋዝ ብትለቅም፣ 5ቱ በአንድነት የሚለቁትን ያህል አትለቅም። ስለዚህ ለአንድ ሊትር ወተት የሚወጣው ጋዝ በእርሷ ቤት እጅግ ያነሰ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ላሟ ከበላችው መኖ ኃይል 6 በመቶ ያህሉ በሚቴን መልክ ይባክናል። ይህም ማለት በገንዘብ የተገዛ መኖ በከንቱ ይተናል ማለት ነው። እዚህ ላይ የድኻው ጥቅምና የአየሩ ደኅንነት አይጣሉም። ሆኖም የገጠሩ ገበሬ ከብት ማረሻው፣ ማገዶውና የክፉ ቀን ቁጠባው ስለሆነ፣ «ቁጥሩን ቀንስ» ብሎ ማዘዝ ብቻ ፍትሕ አይሆንም። በከተማም ቢሆን በጾም ወራት የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ የመኖው ዋጋ ግን አብሮ አይቀዘቅዝም። ምክር የሚሰጥ ሁሉ ይህን ሸክም አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

4. ምን እናድርግ?

ሀ) ከብዛት ይልቅ ጥራትን እንምረጥ። ገለባን በዩሪያ አክሞ ማለስለስ ይቻላል፤ ነገር ግን መጠኑ ከተዛባ ከብቱን ስለሚመርዝ ያለ ባለሙያ ምክር አይሞከር።

ለ) የላሞቻችንን ጤና እንጠብቅ። የታመመች ላም ትበላለች፣ ጋዝም ትለቃለች፤ ወተት ግን አትሰጥም።

ሐ) እበትን ወደ ቦይና ወደ ወንዝ አንልቀቅ። 4 ያህል ከብት ያለው ቤተሰብ በየቀኑ 20 ኪሎ ግራም ያህል እበት ካገኘ የባዮጋዝ ጉድጓድ ሊኖረው ይችላል። ያመልጥ የነበረው ሚቴን ምድጃ ላይ ነድዶ ወጥ ይሠራል፤ የተረፈውም ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ጎረቤታሞች ቢተባበሩ ደግሞ ይቀላል።

መ) ባዮጋዝ ለማይቻለው፣ እበቱን ከገለባ ጋር ቀላቅሎና እያገላበጠ ኮምፖስት ማድረግ ከጉድጓድ ክምር እጅግ ይሻላል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የአየር ንብረት የሁሉም የጋራ ሀብት መሆኑን አስተምረዋል። የጋራ የሆነውን የምንጠብቀው በትልቅ ጉባኤ ብቻ ሳይሆን በበረታችንም ጭምር ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

— በቁምስናችን ላም የሚያረቡ ቤተሰቦች እበቱን የት ያደርሱታል?
— ቦታ ለጠበባቸው ጎረቤቶቻችን በኅብረት ምን ልናደርግላቸው እንችላለን?
— ከቆሼው አደጋ የተማርነውን ለልጆቻችን እንዴት እናስተላልፍ?