መንግሥት ከጨዋችን ጋር ምን አገናኘው?

ዛሬ የምናወራው ኩሽናችሁ ውስጥ ስላለው የጨው እሽግ ነው። «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ አለበት አይደል? «ዶክተር፣ ይሄ ነገር መድኃኒት ነው ወይ? እኔ እንቅርት የለብኝም፣ ሳልጠየቅ ለምን እበላለሁ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። መንግሥት አንድ ንጥረ ነገር በሁሉም ሰው ወጥ ውስጥ እንዲገባ በሕግ ሲያስገድድ ለምን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መጀመሪያ ሕክምናው። አንገታችን ላይ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል። አዮዲን ሲያጥረው ያለችውን ለመሰብሰብ እየታገለ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይሄ ነው። ብዙ ሰው ችግሩ አንገት ላይ የሚያበቃ ይመስለዋል። የባሰው ጉዳት ግን የማይታየው ነው። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት የፅንሱ አንጎል የሚያድገው ከእናቱ በሚያገኘው የታይሮይድ ሆርሞን ነው። እናት አዮዲን በጣም ካጠራት ፅንሱ ሊጨነግፍ፣ ሞቶ ሊወለድ፣ ወይም መስማትና መናገር የማይችል፣ አእምሮው ያልዳበረ ልጅ ሊወለድ ይችላል። እጥረቱ ቀለል ሲል ደግሞ «ሰነፍ» እየተባለ የሚቀጣ፣ ትምህርት የሚከብደው ልጅ ይሆናል። ልጁ ካደገ በኋላ ጨው ቢቀየር ያ ጉዳት አይመለስም።

ስለዚህ «ሲያመኝ እታከማለሁ» እዚህ ላይ አይሠራም። አንዲት ሴት ማርገዟን ስታውቅ ብዙ ጊዜ ሳምንታት አልፈዋል።

«በደንብ እበላለሁ እኮ» የምትሉም አላችሁ። ችግሩ መሬቱ ላይ ነው። ደጋማ አካባቢ ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥበው ወስደውታል፤ እዚያ የበቀለው ጤፍም ባቄላም ጎመንም አዮዲን ያንሰዋል። የሚያስፈልገን ደግሞ በጣም ትንሽ ነው፤ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250። የዕድሜ ልክ ድምሩ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ለምን ጨው ተመረጠ? ሀብታምም ድሃም በየቀኑ ተቀራራቢ መጠን ስለሚበላው፣ የሚመረተውም በጥቂት ቦታዎች ስለሆነ ነው። ስዊዘርላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ጀምራዋለች፤ እዚያም ተራራማው ሕዝብ በእንቅርት ይሠቃይ ነበር።

የእኛ አገር ታሪክ ደግሞ ፖለቲካ ጤናን እንዴት እንደሚነካ ያሳያል። እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ ከቀይ ባሕር ዳርቻ የሚመጣልን ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ፊታችንን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ አዞርን። ጨው ተገኘ፣ አዮዲኑ ግን ቀረ። በ2003 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 አወጣ፤ ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። በ2008 ዓ.ም ጥናት ቁጥሩ 89 ደረሰ። በአምስት ዓመት! የጤና ትምህርት ብቻውን እንዲህ ያለ ለውጥ ሲያመጣ አላየሁም።

ነገር ግን ክርክሩ እዚህ አያልቅም፤ እውነት ያለባቸው ቅሬታዎች አሉ።

አንዱ የጥራት ነው። አፍዴራ ላይ ብዙ ትንንሽ አምራቾች አሉ፤ አዮዲኑ ብዙ ጊዜ በጀርባ በሚታዘል መርጫ በጨው ክምር ላይ ይረጭ ነበር። እንዲህ ሲሆን አንዱ ጆንያ ይበዛበታል፣ ሌላው ምንም አይደርሰውም። ስለዚህ ያ 89 «አዮዲን አለው» ማለት እንጂ «በቂ አለው» ማለት አይደለም። በእኔ አስተያየት መንግሥትን መውቀስ ካለብን «ለምን አስገደድከን» ብለን ሳይሆን «አስገድደህ ሳለ ለምን በወጉ አትቆጣጠርም» ብለን ነው።

ሌላው የጉዳት ጥያቄ ነው። ለረጅም ዓመታት እጥረት በኖረበት ሕዝብ ውስጥ አዮዲን በድንገት ሲጨመር፣ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋና የቆየ ባለ እባጭ እንቅርት ያለባቸው ሰዎች ላይ ዕጢው ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል። ዚምባብዌ ውስጥ በ1990ዎቹ (በፈረንጆቹ) ይህ በግልጽ ታይቷል። ጊዜያዊና ጥቂቶችን የሚነካ ነው፤ ቢሆንም የሚነካው ሰው አለ። እናታችሁ የቆየ እንቅርት ኖሯቸው ልባቸው በኃይል መምታት፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከጀመሩ የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

«ጨው ቀንሱ ትላላችሁ፣ ደግሞ ጨው ብሉ ትላላችሁ» የሚለውስ? ቀንሱ ማለታችን አልተቀየረም፤ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባትበልጡ ጥሩ ነው። ሕዝቡ ጨው ሲቀንስ በጨው ውስጥ የሚገባውን አዮዲን ከፍ ማድረግ ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በቀን 10 ግራም ለሚበላ ሕዝብ በኪሎ ጨው 20 ሚሊግራም ሲል፣ 5 ግራም ለሚበላ 39 ያደርገዋል። ለአዮዲን ብሎ ጨው የሚያበዛ ሰው ግን ደም ግፊቱን ነው የሚጋብዘው።

አሁን ወደ ኩሽና። ጨው በፀሐይ፣ በሙቀትና በእርጥበት አዮዲኑን ያጣል፤ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጥሬ ጨው አጥባችሁ የምትጠቀሙ፣ አዮዲኑን ከውኃው ጋር እየደፋችሁት ነው። ወጥ ውስጥ መጨረሻ ላይ ጨምሩ። አሞሌ አዮዲን የለውም። በሱፐርማርኬት በውድ የሚሸጠው ሮዝ የሂማሊያ ጨውም አብዛኛው አዮዲን አልተጨመረበትም፤ ቀለሙ ያምራል፣ በቃ። በተለይ ያረገዛችሁ ወይም ለማርገዝ ያሰባችሁ፣ እሽጉን ገልብጡና አዮዲን የሚለውን ቃልና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ።