ፍልስፍና ልማር ወይስ እንግሊዝኛ?

ጥያቄ፦ ያደግሁት ቢቸና ነው። ልቤ ፍልስፍና ላይ ነው፤ የሞጣው አጎቴ ግን «እንግሊዝኛ ተማር፣ እንጀራ ያበላሃል» ይሉኛል። የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ አጎትህ ስለ እንጀራው እውነት አላቸው፤ እንግሊዝኛ ያጠና ሰው ያስተምራል፣ ይተረጉማል። ግን ፍልስፍናንም ብትማር አብዛኛውን የምታነበው በእንግሊዝኛ ነው። ምሁሩ ክላውድ ሰምነር የዘርዐ ያዕቆብን የፍልስፍና ሐተታ ጨምሮ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ ያሳተሙት በዚሁ ቋንቋ ነው። የሐተታው ደራሲነት ዛሬም ያከራክራል፤ ለእኔ ይህ ራሱ የሚያጓጓ ትምህርት ነው። ያደግኸው ደግሞ ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙም ሳትርቅ ነው። እዚያ የቅኔ ተማሪ አንዲት ቃል ይዞ ሰሙን ከወርቁ ሲለይ ያመሻል፤ የፍልስፍናም ሥራ ለዚህ ቅርብ ነው። እስቲ ሐተታውን አንብብና የማትስማማበትን ነጥብ በአንድ ገጽ ሞግተው። እንቅልፍ ከነሳህ ፍልስፍናን ምረጥ፤ እንግሊዝኛህን ግን በየቀኑ እየጻፍህ አጠንክር።