በግል ይዞታ ስላለ የአፈር ግድብ አጠባበቅ

በኮድቡር ወረዳም ሆነ በሌላው የሐርጌሳ ከተማ ክፍል ለሚኖር ሰው ስለ ውሃ ዋጋ ማስተማር አያስፈልግም። ከተማይቱን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይቆያል፤ ዝናም በጣለ ጊዜ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ ይወርዳል። «ጂላል» የሚባለው የበጋ ወራት ረጅም ስለሆነ፥ የአገሩ ሰው ያንን አላፊ ውሃ ይዞ ለማቆየት ከጥንት ጀምሮ ሲደክም ኖሯል። «ባሊ» የሚባለው የአፈር ኩሬና «በርከድ» የሚባለው በሲሚንቶ የተለሰነ የውሃ ማጠራቀሚያ የዚሁ ድካም ፍሬዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ በእነዚህና በአፈር ግድብ መካከል ታላቅ ልዩነት አለ። በመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የተጠራቀመ ውሃ ጎኑ ቢናድ እንኳ ከጉድጓዱ ወጥቶ የሚሄድበት የለውም። በሸለቆ ላይ አፈር ተከምሮ ከመሬት በላይ የተያዘ ውሃ ግን ክምሩ በተናደ ጊዜ በሙሉ ወደ ታች ይወርዳል። ርዝመቱ 50 ሜትር፥ ወርዱ 40 ሜትር፥ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ኩሬ 6,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ክብደቱም 6,000 ቶን ነው። ባለቤቱ ለከብቱና ለአትክልቱ የሚበቃ ትንሽ ኩሬ አድርጎ ቢያየውም፥ ከግርጌው ለሚያድር ቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አሳዛኝ ነገር በጎረቤት አገር በኬንያ ደርሷል። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር ሜይ 9 ቀን 2018) በናኩሩ አውራጃ፥ ሶላይ በተባለው ስፍራ፥ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ የነበረው የፓቴል ግድብ ከብርቱ ዝናም በኋላ በሌሊት ፈረሰ፤ ከ40 የሚበልጡ ሰዎችም በጎርፉ አለቁ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የኬንያ ሴኔት ነገሩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ፤ ዐቃቤ ሕግም የእርሻውን ሰዎች ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ሠራተኞችንም ጭምር በፍርድ ቤት ከሰሰ። ክስ ጥፋተኛነትን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ግድቡ የግል ቢሆንም ጥያቄው ወደ መሥሪያ ቤትም እንደሚደርስ ያስረዳል።

ከዚህ የቀደመው ትምህርት ከአሜሪካ የተገኘ ነው። በፔንሲልቬንያ የሳውዝ ፎርክ የአፈር ግድብ የአንድ የመዝናኛ ክበብ ንብረት ነበር። ውሃውን ከሥር ለመቀነስ የሚያገለግሉት ቧንቧዎች ቀደም ሲል ተነቅለው ነበር፤ ክበቡም አልተካቸውም። ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡን አናት ዝቅ አደረገው፤ ዓሣ እንዳያመልጥም በትርፍ ውሃ መውረጃው ላይ መከለያ አቆመ። ሜይ 31 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. ብርቱ ዝናም ሲዘንም መከለያው በግንድና በቅጠል ተደፈነ፤ ውሃው በአናቱ ላይ ፈሶ ግድቡን ቆረጠው፤ በጆንስታውን ከተማና በአካባቢው 2,209 ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ የአፈር ግድብ የሚፈርስባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ውሃ በአናቱ ላይ ሲፈስ ነው፤ አፈር እንደ ድንጋይ የሚፈስ ውሃን አይቋቋምምና። ሁለተኛው ውሃ በግድቡ ሆድ ውስጥ ቀዳዳ አግኝቶ አፈሩን ጥቂት በጥቂት ሲያወጣ ነው። ሦስተኛው ጎኑ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሎ ከተሠራ ወይም እጅግ ከራሰ ሲንሸራተት ነው። «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይስማማል፤ ከግድብ ግርጌ ለሚወጣ ውሃ ግን አይስማማም። ጥርት ብሎ የሚንጠባጠብ ውሃ ክትትል ያሻዋል፤ የደፈረሰ ውሃ ከወጣ ግን ግድቡ ራሱ እየታጠበ መሄዱን ያመለክታል። በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈረሰው የቴተን ግድብ በጠዋት ድፍርስ ውሃ ሲያወጣ ታይቶ፥ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተደርምሷል።

ስለዚህ የግድብ ባለቤት የሚከተሉትን መፈጸም ይገባዋል፦

1ኛ. የትርፍ ውሃ መውረጃው በተከመረው አፈር ላይ ሳይሆን፥ ከጎን ባለው ጽኑ መሬት ላይ ይሠራ፤ ከዝናም ወራት በፊትም ከቆሻሻና ከደለል ይጠረግ። ተጨማሪ ውሃ ለመያዝ ሲባል መውረጃውን መድፈን ፈጽሞ አይገባም።

2ኛ. አፈሩ በእርጥበት፥ በስስ በስሱ እየተነጠፈ ይደልደል፤ እንዲያው ተገፍቶ የተከመረ አፈር ግድብ አይባልም።

3ኛ. በጂላል ፀሐይ የተሰነጠቀው ሸክላ አፈር ዝናም ከመግባቱ በፊት ተቆፍሮ እንደገና ይጠቅጠቅ፤ ደርቆ የቆየ ግድብ በአንድ ጎርፍ ሲሞላ ስንጥቁ የውሃ መንገድ ይሆናልና።

4ኛ. በግድቡ ላይ ዛፍ አይብቀል፤ የአውሬ ጉድጓድና የምስጥ ኩይሳ ሳይውል ሳያድር ይወገድ።

5ኛ. በዝናም ጊዜ ቀንም ሌሊትም ግርጌውን የሚመለከት ሰው ይመደብ። ድፍርስ ውሃ ከታየ አስቀድሞ በታች ያሉት ሰዎች ይሽሹ፤ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

የአካባቢው ሹማምንት ደግሞ የእያንዳንዱን ግድብ ባለቤት፥ ከፍታውንና ከበታቹ ያሉትን ቤቶች ብዛት በመዝገብ ሊያውቁ፥ በደረቅ ወንዝ መውረጃም ቤት እንዳይሠራ ሊከለክሉ ይገባል። ባለቤቱና ከታች ያለው ነዋሪ በደኅናው ጊዜ ተነጋግረው የማስጠንቀቂያውን ምልክትና የመሸሻውን ከፍተኛ ስፍራ ቢወስኑ፥ በጨለማ ሌሊት ማንም ወዴት እሄዳለሁ ብሎ አይጨነቅም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በግድብ ውስጥ እስካለ ድረስ የባለቤቱ ሀብት ነው፤ ግድቡን ጥሶ የወጣ ዕለት ግን ጉዳቱ የሚያርፈው ከጥቅሙ ባልተካፈለው ጎረቤት ላይ ነው። ግድብ የሚሠራ ሰው ሥራውን ሲጀምር አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባው ይህንን ጎረቤት ነው።